መኪና በግራዋ

ጋን ያጠበ እጅ መኪና አያቅተውም ብዬ አስቤ ነበር። ይህን ሳስብ አጠገቤ ማንም አልነበረም፤ ቢኖርም አፍ አውጥቼ አልናገረውም። እኔ ሰው ፊት የማውቀው ሁለት ቃል ነው፤ ሲጠሩኝ «አቤት»፣ ሲያዙኝ «እሺ»። ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩትም ፊደሉ ከብዶኝ ሳይሆን፣ መምህሩ ከሰሌዳው ፊት አቁመው «ጮክ ብለሽ አንብቢ» ባሉኝ ቁጥር ድምፄ እየሸሸ ስላስቸገረኝ ነው። ወረቀት ግን ዓይን የለውም፤ አያፈጥብኝም። ስለዚህ ንፋስ መውጫ ውስጥ ሁሉም የሚያወራውን፣ ውስጡን ግን እኔ ብቻ የማውቀውን የዚያን የጥር ወር ጉድ ለእናንተ እጽፈዋለሁ።

የምኖረው ከአክስቴ ከእትዬ ዘነቡ ጋር ነው። እሷ ጠላ ትጠምቃለች፣ እኔ ጋን አጥባለሁ። የጋን አስተጣጠብ ክንድን እስከ ብብት አስገብቶ በግራዋ ቅጠል ውስጡን ክብ ክብ እያደረጉ መፈግፈግ ነው። መራራው ግራዋ የድሮውን ጠላ ሽታ ሙልጭ አድርጎ ያወጣዋል። በዚህ ሥራ እንኳ አልታማም። እኔ ባጠብኩት ጋን ውስጥ የገባች ዝንብ አንሸራቷት ወገቧ ይሰበራል።

የእናቴ ወንድም አያ ካሴ ደግሞ የፊታውራሪ ሾፌር ነው። የፊታውራሪን ስም አልጽፍም፤ ምናልባት ቢያነቡት ዓይናቸውን ማየት አልችልም። መኪናቸው ጥቁር ናት፤ ጥቁር ስላችሁ ደግሞ ጸጉር ተነጥሎ የሚታይባት ጥቁር። በዚያ ዘመን ንፋስ መውጫ መኪና የሚገባው በበጋ ብቻ ነበር፤ እሱም ሰው ከፊት ከፊት እየሄደ ድንጋይ ሲያነሳ ነው። ከደብረ ታቦር አብረዋት በእግራቸው የተነሱት ሰዎች ቀድመው ገብተው፣ ምሳቸውን በልተው፣ አፋቸውን ተጉመጥምጠው ነው የተቀበሏት።

ፊታውራሪ መኪናዋን እንዴት እንደሚወዷት ልንገራችሁ። ከአያ ካሴ በፊት ሌላ ሾፌር ነበራቸው። አንድ ቀን መኪናዋን አቁሞ ውሃ ሊጠጣ ሲሄድ፣ አንድ በሬ ጎኑን ሲበላው መጥቶ ታከከባት፤ ቀንዱም አንድ ስንዝር የምታህል ጭረት ጣለ። በሬው ታረደ፣ ሾፌሩ ተባረረ። ከሁለቱ የበሬው ዕድል ይሻላል የሚሉ ነበሩ።

አያ ካሴ ቢባረር የሚመለሰው ወደ ሞፈር ነው። እሱ ደግሞ ሞፈርን ረስቶታል። አምና ወንድሙን ላግዝ ብሎ በሬ ጠምዶ ነበር፤ በሬዎቹን ማቆም ሲፈልግ «ቁም» በማለት ፈንታ ቀኝ እግሩን መሬት ላይ እየረገጠ እስከ ጎረቤት ማሳ ድረስ ተጎተተ። እናቴም፣ እኔም የምንለብሰው እሱ የሚልክልንን ነው። መሪው ከእጁ ከወጣ የሁላችንም ገመና አደባባይ ወጣ ማለት ነው።

እንግዲህ ከጥምቀት በኋላ በነበረው ሰኞ ፊታውራሪ የወሰን ክርክር ሊያዩ ወደ ስማዳ ወረዱ። ስማዳ መኪና ስለማይገባ በበቅሎ ሄዱ። መኪናዋን ከአክስቴ አጥር ግቢ አቁመው «የዛሬ ሳምንት ማለዳ እመለሳለሁ» አሉ። አያ ካሴም አጋጣሚ አገኘሁ ብሎ በነጋታው ዘመድ ሊጠይቅ ወደ አርብ ገበያ ተነሳ። ሲወጣ ጠራኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ቅዳሜ እመጣለሁ። እስከዚያ ይህችን መኪና እጠቢልኝ።»

«እሺ» አልኩ።

«ታውቂበታለሽ አይደል?»

«እሺ» አልኩ።

ይህ መልስ ሳይሆን ልማድ ነው። እሱ ግን መልስ አድርጎ ወስዶት ሄደ። «በምን ነው የምትታጠበው?» ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። ጥያቄዋ ጉሮሮዬ ድረስ መጥታ ነበር፤ አያ ካሴ ዞር ብሎ ሲያየኝ ግን ተመልሳ ገባች።

ረቡዕ ሁለት እቅፍ ግራዋ ቆርጬ መጣሁ። ከመሬት ያነሳሁት ስለነበር ትንሽ አሸዋ ነክቶታል፤ አሸዋ ደግሞ ለጋን ጥሩ ነው። መኪናዋን ከጣሪያዋ ጀምሬ ክብ ክብ እያደረግሁ ፈገፈግኋት። አረንጓዴ አረፋ ደፈቀች። እልከኛ ጭቃ ባገኘሁበት አመድ ጨመርኩ። ፊቷ ላይ ያለውን ነጭ ብረት በአመድና በሎሚ እንደ ጸናጽል አሸሁት። መስኮቶቿን የከበበውን ጥቁር ጎማም አልተውኩም፤ እስኪነጣ ድረስ አሸሁት። መንጣቱን የጽዳት ምልክት አደረግሁት፤ ልብስ ሲታጠብ ይነጣ የለ? በወይራ ጭስ ላጥናት ወይስ ይቅር ብዬ ትንሽ ካመነታሁ በኋላ፣ ጠላ ስለማይገባባት ተውኩት።

ውሃ ስደፋባት አማረች። ያን ቀን ያልገባኝ፣ እርጥብ ነገር ሁሉ እንደሚያምር ነው።

ሐሙስ ማለዳ ሥራዬን ለማየት ወጣሁ። ፀሐይ ገና ከኮረብታው ብቅ ብላ ከኋላዬ ነበረች። በሩ ፊት ቆሜ ጥቁሩ ውስጥ ራሴን አየሁ። በጭንቅላቴ ዙሪያ የብርሃን ክብ አለ። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ በቅዱሳን ራስ ዙሪያ እንደሚሣለው ያለ፣ ከጸጉር በቀጠኑ አንድ ሺህ የወርቅ ክሮች የተሠራ አክሊል።

አማተብኩ። ከዚያ ከኋላዬ የቆመ ቅዱስ ካለ ላሳልፈው ብዬ ዞር አልኩ። የቆመው የጎረቤት አህያ ብቻ ነው። አንድ እርምጃ ወደ ግራ ሄድኩ፤ አክሊሉ ተከተለኝ። ቁጢጥ አልኩ፤ አብሮኝ ቁጢጥ አለ። ተጠግቼ በጥፍሬ ብነካው ግን ነገሩ ገባኝ። ጭረት ነው። ከጣሪያዋ እስከ እግሯ፣ ስንዝር ክፍት ቦታ ሳይቀር፣ በእጄ ክብ ክብ የተጻፈ ጭረት። በሬው አንዲት መስመር ነበር የጣለው። እኔ መጽሐፍ ጽፌባታለሁ።

በዚህ መሃል አክስቴ መጣች።

«እሰይ፣ እንዴት አበራሻት!» አለችና በሩ ፊት ስትደርስ ቆመች። ሻሿን አስተካከለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አንቺ፣ ክብ ነገር ይታይሻል?» አለችኝ።

በእኔ ራስ ዙሪያ ያለውን አመለከትኳት።

«እሱማ ባዶ ነው። እዚህ ነው እንጂ፣ እኔ ዘንድ።»

አያችሁ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ጎን ለጎን ሆነው ቢቆሙም ሁሉም የሚያየው የራሱን አክሊል ብቻ ነው። የሌላው ሰው ጭንቅላት ራቁቱን ይታያል። አክስቴ ክቡን ካየች በኋላ፣ ንፋስ መውጫ ሁሉ እስኪሰማ የአንድ ጣሳ ጠላ ዕድሜ ያህል እንኳ አልፈጀም።

መጀመሪያ የደረሱት ባላምባራስ ናቸው። ባላምባራስ ከክርክር ሌላ እህል የማይስማማቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ከገዛ ወንድማቸው ጋር በአንዲት ትልም ስፋት መሬት ስምንት ዓመት ተሟግተዋል።

«ክቡ እዚህ ላይ ነው፣ እጀታው አጠገብ» አሉ።

«ኧረ እዚህ ጥጉ ላይ ነው» አለች አክስቴ፣ ሁለት ክንድ ርቃ ቆማ።

«ሴትዮ፣ ወሰን አትግፊ!»

«የምን ወሰን? የማየውን ነው የምናገረው!»

«ምስክር አለሽ?»

«ዓይኔ!»

«ዓይን ባለጉዳይ ነው፤ ምስክር አይሆንም። ገመድ ይምጣ!»

ገመድ መጣ። ባላምባራስ ከበሩ ጫፍ እስከ አክሊላቸው ለኩና ቋጠሮ አሰሩ። ከዚያ የአክስቴን ለመለካት እሷ ወደቆመችበት ሲሄዱ አክሊሉ አብሯቸው መጣ። ተመልሰው ሄዱ፤ ተመልሶ ሄደ።

«ይሄዳል!» አሉ ገመዱን ጥለው። «ዕድሜዬን ሙሉ ወሰን ሲገፋ አይቻለሁ። ገፊ ሳይኖረው በራሱ የሚሄድ ወሰን ግን ዛሬ ገና አየሁ!»

ከዚያም ነገሩ ገባቸው፤ ማለቴ ተሳስቶ ገባቸው። ነጠላቸውን አደግድገው፣ ወደ አክስቴ ባዶ ራስ በሐዘን አይተው «ለእያንዳንዱ እንደ ሥራው ነው፣ አይዞሽ» ብለው ሄዱ። አክስቴም በእሳቸው መላጣ እያዘነች ቀረች።

ጠዋት የምሥራቁ በር፣ ከሰዓት በኋላ የምዕራቡ በር ሰው ሞላበት። እሳት ልጫር ብሎ የሚመጣ፣ የጠፋ ጫጩት የሚፈልግ፣ ሁሉም በሰበብ ይመጣል፤ ያያል፤ ከጎኑ የቆመውን በርኅራኄ አይቶ ይመለሳል። እኔ ብቻ ነኝ የምፈራው። ለሰው አክሊል የሆነው ለአያ ካሴ ሞፈር ነው።

የማምነው አክስቴን ብቻ ስለሆነ ጭረት መሆኑን ሹክ አልኳት። «ጭረት ነው የምትይውማ የአንቺው ይሆናል» አለችኝ። ደግነቷ ግን አያልቅም፤ «ላንቺ ጭረት ከሆነ ቅቤ ቀቢው። የደረቀ ጸጉር እንኳ በቅቤ ይወዛል» አለች። ሐሙስ ፀሐይ ስትጠልቅ ሙሉ ቅል ቅቤ ቀባኋት። እውነትም ጭረቱ ጠፋ። ማለዳ ብወጣ ግን የቀዬው ውሾች ተሰብስበው እስከ መስኮቱ ድረስ ልሰዋታል፤ ጣሪያዋ ላይ ደግሞ የንፋስ መውጫ ነፋስ ያመጣውን አቧራ ሁሉ አንድ ሳታስቀር ተቀብላ ቡናማ በግ መስላለች።

በእንዶድ አጥቤ እንደገና ቅቤ ላንሳ ስል አክስቴ እጄን ያዘች።

«ዛሬ ዓርብ ነው! በጾም ቅቤ?»

እሷም ለብቻዋ መወሰን ፈርታ የኔታን አስጠራቻቸው። የኔታ ድጓ የሚያስተምሩ፣ ብራናም የሚፍቁ አዛውንት ናቸው።

«የኔታ፣ መኪና ትጾማለች እንዴ?»

«እሷስ አትጾምም» አሉ። «የምትቀባው ግን ጣቷን ትልሳለች።»

ከዚያ በሩ ፊት ቆሙ። ፀሐይዋ ከኋላቸው ነበረች። ረጅም ጊዜ አዩ። ቆባቸውን አወለቁ፣ መለሱ። ይሄው ሌላም ተጨመረ ብዬ ሳዝን፣ የኔታ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

«ልጄ፣ በምን አጠብሻት?»

«በግራዋ» አልኩ ወደ መሬት።

«ክብ ክብ እያደረግሽ?»

«እሺ» አልኩ። አዎ ማለቴ ነበር።

«ጭረት ነው። ፀሐይ ስታገኘው ዙሪያዋን ይሰበሰባል። ብራና ስፍቅ በየማለዳው አየዋለሁ። ጭረት ተሸፍኖ አይጠፋም፤ ጭረትን የሚያጠፋው ከእሱ ያነሰ ጭረት ነው። እሱንም ከእሱ ያነሰ፣ እንዲህ እያለ ዓይን እስኪደክም።»

ብራና ሲጨርሱ የሚያሹበትን፣ በጨርቅ የተነፋ እንደ ዱቄት የላመ ነጭ አፈር ሰጡኝ። በጎመን ዘር ዘይት ለውሼ፣ በአሮጌ ጋቢ ጨርቅ፣ እጄን እያቀለልኩ እንድወለውል አሳዩኝ። ሊሄዱ ሲሉ ግን ቆም አሉ።

«አንድ ነገር አለ» አሉኝ። «ባላምባራስ ዛሬ ማለዳ ክርክሩን ለወንድማቸው ትተውለታል። አክሊል ደፍቶ ለትልም መሟገት አይገባም ብለው። ይህን ጉዳይ አስቢበት።»

አሰብኩበት። የባላምባራስ ወንድም ደስ ሊለው ነው፤ አያ ካሴ ግን ሊጎተት ነው። ጨርቁን አነሳሁ።

ችግሩ ሰው ከመኪናዋ አይለይም። ባላምባራስ በርጩማ አስመጥተው በሩን ይጠብቃሉ። ነገር ግን እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናት ስለምትሆን አክሊል የለም፤ ቅዱሳኑም ምሳቸውን ለመብላት ይሄዳሉ። እኔ ያን ጊዜ ወጥቼ እወለውላለሁ። ዓርብ እኩለ ቀን ወለወልኩ። ከሰዓት በኋላ ተመልሰው ሲያዩ አክሊላቸው ሳስቷል።

ማንም ለማንም አልተናገረም። የእኔ ብቻ ነው የሳሳው ብሎ ሁሉም ደነገጠ። አንድ በአንድ ወደ እኔ መጡ።

«አንቺ ልጅ» አሉ ባላምባራስ ከጓዳው በር ላይ ሆነው፣ «ለነገሩ ያህል ነው፤ የሌሎቹ እንዴት ነው? ደህና ነው?»

«እሺ» አልኩ።

«አሃ» አሉና ፊታቸው ጠቆረ። በዚያው ምሽት ከአጥራቸው ጥግ ያለውን የወሰን ድንጋይ ሁለት እርምጃ ወደ ውስጥ መለሱት። አክስቴ ቅዳሜ ማለዳ ጠላ ውስጥ ውሃ መጨመር አቆመች። ከሁለት ዓመት በፊት የጠፋብን ሙቀጫ በራችን ላይ ተቀምጦ ተገኘ። እኔ ባሸሁ ቁጥር አክሊሉ ይቀንሳል፤ አክሊሉ በቀነሰ ቁጥር ሰው ይጸድቃል። ፊታውራሪ አንድ ወር ቢቆዩ ኖሮ ንፋስ መውጫ ሳይሞት መንግሥተ ሰማያት ይገባ ነበር።

ቅዳሜ አያ ካሴ መጣ። ገና ያልደረስኩበት የኋላው በር ፊት ቆሞ በሁለት እጁ ራሱን ያዘ።

«ምን በደልኩሽ? ምን በደልኩሽ አንቺ ልጅ? ሰኞ ማለዳ እኮ ነው የሚመጡት!» አለ። ከዚያ በሩ ውስጥ ያየው ነገር አፉን አስያዘው። ባርኔጣውን አወለቀ። ቀስ ብሎ፣ «ግን… ለምን እኔን ብቻ?» አለ።

ጨርቅ ሰጠሁት። ያን ቀን ሁለታችንም ክንዳችን እስኪዝል ወለወልን። አክስቴ በበኩሏ ባላምባራስንና ሰዉን በነጻ ጠላ እያጠጣች ከግቢ አራቀችልን፤ ጭረት ነው ያልኳትን ሳታምን፣ ለወንድሟ ስትል። ሲመሽ ጥቁሯ ጥቁር ሆነች።

የቀረው በአመድ የነጣው የመስኮቱ ጎማ ነበር። እሑድ ሥራ የለም። መኳል ግን ሥራ አይደለም። ኩል በጎመን ዘር ዘይት ለውሼ፣ በመኳያ እንጨት መስኮቶቿን ሁሉ ዙሪያቸውን ኳልኋቸው። መስኮት የመኪና ዓይን አይደል?

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝ። ከግራው የኋላ በር ታችኛው ጥግ፣ ከጎማው አጠገብ፣ አንድ ስንዝር የምታህል ቦታ ሆን ብዬ ሳልወለውል ተውኩ። አጭር ስለሆንኩ ቁጢጥ ስል ለራሴ ልክ ትመጣለች። እኔ እንግዲህ በመስታወት ፊት እንኳ ዓይኔን የምሰብር ሰው ነኝ። ሐሙስ ማለዳ ያየኋትን ልጅ ከዚያ በፊት አላየኋትም። ልሰናበታት ፈለግሁ። ፊታውራሪ ደግሞ ቁመታቸው ቀጥ ያለ ባሕር ዛፍ ነው፤ ጎንበስ ሲሉ ያየ የለም፤ የሚጎነበስላቸው ሰው ነው እንጂ። አይደርሱባትም አልኩ።

ሰኞ ፀሐይ ገና ስትወጣ በበቅሎ ደረሱ። ሰው ሁሉ ግቢውን ሞልቷል፤ የጠፋበትን አክሊል የሚያስመልስለት ሹም የመጣ ይመስል። ፊታውራሪ መኪናዋን ዞሯት። ጣሪያዋን አዩ፣ ነጩን ብረት አዩ። አያ ካሴ እርምጃ በእርምጃ ይከተላቸዋል። እኔ ከአክስቴ ቀሚስ ኋላ ነኝ።

«ካሴ!»

«አቤት ጌታዬ!»

«ይህች መኪና ዓይን አውጥታለች እንዴ? መስኮቷ የሙሽራ ዓይን መስሏል!» አሉና የመስኮቱን ጎማ በጣታቸው ነኩት። ጣታቸው በኩሉ ጠቆረ። መሐረባቸውን ሊያቆሽሹ አልፈለጉም፤ ጣታቸውን በሣሩ ሊጠርጉ ጎንበስ አሉ።

በግራው የኋላ በር አጠገብ ነው ጎንበስ ያሉት። ፀሐይዋም ከኋላቸው ናት።

እንደ ጎነበሱ ቀሩ።

ጌታ ጎንበስ ሲል ቀና ብሎ መቆም ነውር ነውና አያ ካሴ ጎነበሰ። አሽከሮቹ ጎነበሱ። ባላምባራስ ጎነበሱ። የኔታም ወገባቸውን ይዘው ጎነበሱ። ግቢው ሙሉ ሰው መሬት መሬት እያየ ቆመ፤ በቅሎዋ ብቻ ቀና ብላ ቀረች። እኔ በልቤ የአያ ካሴን ሞፈር እየጠረብኩ ነበር። ለአንዲት ስንዝር ስል አጎቴን በሬ ኋላ አስጎተትኩት አልኩ። ልወጣና «እኔ ነኝ» ልል አፌን ከፈትኩ፤ እንደ ልማዴ ድምፅ አልወጣም።

ፊታውራሪ በመጨረሻ ቀና አሉ። ፊታቸው እንደ ሕፃን ፊት ለስልሷል። ወደ ሰዉ አዩ፤ የሁላችንንም ባዶ ራስ በየተራ፣ በርኅራኄ አዩት።

«ካሴ» አሉ ቀስ ብለው።

«ጌታዬ!»

«ይህ የኋላ ጎማ…»

«ምን ሆነ ጌታዬ?»

«ምንም አልሆነም። ግን ከእንግዲህ በየማለዳው እኔው ራሴ አየዋለሁ። መኪናዋን ይህን ጎኗን ወደ ምሥራቅ አድርገህ አቁማት። ባጠብካትም ጊዜ በዚህ በኩል እጅህን አታብዛ።»

አያ ካሴ ዛሬም ሾፌር ነው። በሄዱበት ከተማ ሁሉ መኪናዋን ግራ ጎኗን ለፀሐይ ሰጥቶ ያቆማል፤ ፊታውራሪ ከቁርሳቸው በፊት ወጥተው የኋላውን ጎማ ጎንበስ ብለው ያያሉ፤ እሳቸው ሲጎነበሱ አጠገባቸው ያለው ሹም፣ ዳኛ፣ ባለጉዳይ ሁሉ ምክንያቱን ሳያውቅ አብሮ ይጎነበሳል። አጎቴ ባለፈው ሲመጣ በጣም ተጨንቆ ነበር። ጎማውን ሦስት ጊዜ ፈትቶ አየው፤ ምንም የለበትም።